ከሚያዝያ 30 እስከ ሰኔ 1፦ ፖሊስ መቼ ይተኩሳል?

“ዘጠና ሰባት” በየቤታችን እንደ ሰው ስም የሚጠራ ቁጥር ነው። “በዘጠና ሰባት የታሰረው”፣ “ከዘጠና ሰባት ወዲህ ፖለቲካ የተወው” ይባላል። የዚህ ጦማር አምደኞች ከፊላችን ያኔ አልተወለድንም፤ ከፊላችን ደግሞ ገና ሀ ሁ የምንቆጥር ነበርን። ስለዚያ ዓመት የምናውቀው ከወላጆቻችን ሹክሹክታ፣ ከቆዩ ጋዜጦችና ከሪፖርቶች የለቃቀምነውን ነው። እንዲህ ስንለቃቅም ታዲያ ሁለት ቀኖች አላስቀምጥ አሉን። ዛሬ የምንጽፈው ስለ እነርሱ ነው።

የመጀመሪያው ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በዋዜማው ኢሕአዴግ ደጋፊዎቹን መስቀል አደባባይ ሰብስቦ ነበር። በማግስቱ የቅንጅት ተራ ደረሰና አደባባዩ በሰው ተጥለቀለቀ። ስንት ሰው ነበር የሚለው እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል፤ ከሚሊዮን በላይ ነው የሚል ሞልቷል። እኛ አልቆጠርንም። የምናውቀው ፖሊስ በቦታው እንደነበረ፣ ሕዝቡም ጮኾ፣ ዘፍኖ፣ ሁለት ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ በሰላም ወደ ቤቱ መግባቱን ነው።

ሁለተኛው ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ልክ በወሩ። ያው ከተማ፣ ያው ሕዝብ፣ ያው የፖሊስ ደንብ ልብስ። በዚያ ቀን መርካቶና አካባቢው ላይ ጥይት ዘነበ፤ ከ30 በላይ ሰው ሞተ።

በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ምን ተለወጠ? ሕዝቡ በአንድ ወር ውስጥ ጨዋነቱን ጥሎ ዱርዬ ሆነ? (ያኔ “አደገኛ ቦዘኔ” የሚል የተዘጋጀ ስም ነበረ።) ፖሊስስ በአንድ ወር ውስጥ ጨካኝ ሆነ? አይመስለንም። የተለወጠው ሌላ ነው። ግንቦት 7 ምርጫው ተካሄደ። የዚያኑ ዕለት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለአንድ ወር ማንኛውም ሰልፍና ስብሰባ መከልከሉን፣ የመዲናይቱ የጸጥታ ኃይሎችም በቀጥታ በእርሳቸው ትእዛዝ ሥር መሆናቸውን አወጁ። ድምፅ ገና ተቆጥሮ ሳያልቅ ማለት ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ የቆመ ሕዝብ ስሙ ተቀየረ። ትናንት መራጭ ነበር፤ ዛሬ ሕግ ተላላፊ ሆነ። ፖሊሱም ትናንት የትራፊክና የኪስ አውላቂ ጉዳይ ነበር የሚያሳስበው፤ ዛሬ ግን የመንግሥት ወንበር አደራ ተጣለበት።

ስለዚህ “ፖሊስ መቼ ይተኩሳል?” ለሚለው የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው፦ ውሳኔው በአብዛኛው ሰልፈኛው ከቤቱ ሳይወጣ ያልቃል። ድንጋይ የወረወረው ልጅ ሰበብ ይሆናል እንጂ ምክንያት አይሆንም።

ማሳወቅና ማስፈቀድ

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል፤ አሰልቺ ቢሆንም አጭር ነው። በ1983 ዓ.ም. የወጣው የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ አዋጅ ቁጥር 3 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። አስተዳደሩ ቦታውን ወይም ሰዓቱን ቀይሩ ሊል ይችላል፤ ጭራሽ አትሰለፉ ማለት ግን አይችልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰለፍን መብት አድርጎታል። በተግባር ግን “ማሳወቅ” የሚለው ቃል በየቢሮው መዝገብ ቤት ሲያልፍ “ማስፈቀድ” ሆኖ ይወጣል። ዜናውም “ፈቃድ ያልተሰጠው ሰልፍ” ይለዋል። በሕጉ ውስጥ የሌለ ፈቃድ አልተሰጠም ተብሎ ሰው ይደበደባል።

ደግሞስ ሕገ ወጥ ሰልፍ ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ1990 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሃቫና ላይ ያጸደቃቸው የኃይል አጠቃቀም መርሆዎች ጉዳዩን ቁልጭ አድርገው አስቀምጠውታል። ሕገ ወጥ ቢሆንም ሁከት የሌለበትን ሰልፍ ፖሊስ ያለ ኃይል ለመበተን መሞከር አለበት፤ ካልተቻለም ኃይሉ የመጨረሻው አነስተኛ ይሁን። ሁከት ባለበት ሰልፍ እንኳን ጥይት የሚፈቀደው የሰው ሕይወት ላይ አፋጣኝ አደጋ ሲደቀን ብቻ ነው። ሰልፉ ሕገ ወጥ መሆኑ በራሱ ለመተኮስ ምክንያት አይሆንም። የታጠረ አጥር ስለተጣሰ፣ ጎማ ስለተቃጠለ፣ መፈክሩ ስላስቆጣ አይተኮስም።

ከስድስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

የአዲስ አበባን የሰልፍ ታሪክ የሚያጠና ሰው ዞሮ ዞሮ ስድስት ኪሎ ይደርሳል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አካባቢ ተተኩሶበት ሞተ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተረጋገጠ ነገር የለም። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ግቢው ወስደው ተሰበሰቡ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰልፍ እንኳን ሊባል አይችልም፣ ለቅሶ ነው። ነገር ግን የመጣው የከተማ ፖሊስ አልነበረም። የመጣው ክቡር ዘበኛ ነው። ጠላት እንዲመታ የሰለጠነ ወታደር ለቅሶ ላይ ሲላክ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ፤ አስከሬኑን ነጠቀ፣ ተማሪዎችንም ገደለ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር በጣት ቆጠረው፤ ተማሪዎቹ ብዙ እጥፍ ነው አሉ።

ለንጽጽር አራት ዓመት ወደፊት እንሂድ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በመቶ ሺህ የሚገመት ሙስሊምና አብሮት የወጣ ክርስቲያን የሃይማኖት እኩልነት ጠይቆ አዲስ አበባን ሞላት። በከተማይቱ ታሪክ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሰልፍ አልታየም። ጥይት ግን አልዘነበም። ያው ንጉሥ፣ ያው ዘውድ ነበር። ንጉሡ በአራት ዓመት ውስጥ ልባቸው ራርቶ ነው እንዳንል፣ ያን ጊዜ ወታደሩ ራሱ በየካምፑ አምጾ አዛዦቹን እያሰረ ነበር። “ተኩስ” ብሎ የሚያዝ አፍ ቢኖር እንኳ የሚሰማ ጆሮ መኖሩ አጠራጣሪ ነበር። የሰልፉ ትልቅነት ሳይሆን የአዛዡ ትንሽነት ሰልፈኛውን ያዳነው ይመስለናል።

ደርግን በዚህ ጽሑፍ አንነካውም። ቀይ ሽብርን “የፖሊስ ኃይል አጠቃቀም” ብሎ መጥራት ነገሩን ማሳነስ ነው።

ወደ ስድስት ኪሎ እንመለስ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ በመጡበት ሰሞን ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ ተቃውመው ወጡ። ተተኮሰ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ወራት ሳይቆይም ከ40 በላይ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። ሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎቹ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይመለስልን፣ የታጠቀ ፖሊስም ከግቢያችን ይውጣልን አሉ። ጥያቄው ራሱ ስለ ፖሊስ ነበር። የተላከላቸው መልስም ፖሊስ ነበር። ነገሩ ከግቢ ወጥቶ ወደ ከተማው ተዛመተ፤ ሱቅ ተሰበረ፣ መኪና ተቃጠለ፤ ከ30 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ታሰሩ። ፖሊስ ረብሻ ሊያበርድ መጣ ይባላል፤ እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው።

ዱላና ክላሽ

“ፖሊሳችን መሣሪያ የለውም እኮ” የሚል ክርክር አለ። መሣሪያ ሲባል ሰው የማይገድለው ማለት ነው፤ ጋሻ፣ ውኃ የሚረጭ መኪና፣ አስለቃሽ ጭስ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ክላሽ የያዘ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ድንጋይ እየዘነበበት፣ በሁለቱ መካከል ምንም ምርጫ ሳይኖረው ሲቆም የሚሆነውን መገመት አያቅትም። በ97ና 98 ከሞቱት መካከል ስድስት ፖሊሶች አሉ። እነርሱም እናት ነበራቸው።

እንግሊዞች ይህን ነገር ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1819 ማንችስተር ውስጥ የምርጫ መብት ሊጠይቅ በተሰበሰበ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ተለቀቀበት፤ ከ15 ያላነሱ ሰዎች በጎራዴና በፈረስ ኮቴ ሞቱ፣ መቶዎች ቆሰሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1829፣ ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ሰማያዊ ልብስ አልብሶ በዱላ ብቻ አሰማራው። ልብሱ የወታደር ቀይ እንዳይሆን የተፈለገው ሰው “ጦር መጣብን” እንዳይል ነው። የእኛ ረብሻ በታኝ ግን ስሙም “ፈጥኖ ደራሽ” ነው። ስሙ ራሱ ይቸኩላል። ቀስ ብሎ ደራሽ፣ አነጋግሮ ደራሽ የሚባል ጦር ቢኖረን ምን ነበረበት!

ይሁን እንጂ መሣሪያ ብቻውን አያድንም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ፣ የኢሬቻ በዓል ላይ፣ እጁን አጣምሮ ወደ ላይ ያነሳ፣ መንግሥትን የሚቃወም ድምፅ ተሰማ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ የጥይት ድምፅም ተሰማ። በሐይቁ ዳር የታጨቀው ሕዝብ የሚሸሽበት አልነበረውም፤ ገደልና ቦይ ውስጥ እየወደቀ ተረጋገጠ። በመንግሥት ቆጠራ ብቻ ከ50 በላይ ሰው ሞተ፤ የመብት ተሟጋቾች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ። ጭሱ “የማይገድል” የተባለው ዓይነት ነበር። መውጫ በሌለበት ቦታ በሚሊዮን ሰው መካከል ሲጣል ግን ይገድላል። መሣሪያውን ከመግዛት በፊት መውጫውን ማየት የሚባል ነገር አለ።

ትእዛዝ ሳይኖርም ይተኮሳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 1960 ደቡብ አፍሪካ፣ ሻርፕቪል ውስጥ፣ የይለፍ ወረቀት ሕግን የተቃወሙ ሺዎች ፖሊስ ጣቢያውን ከበቡ። በኋላ በተደረገው ምርመራ “ተኩስ” ብሎ ያዘዘ አለቃ አልተገኘም። አንዱ ተኮሰ፣ ሌላው ተከተለ፤ በደቂቃዎች ውስጥ 69 ሰዎች ወደቁ። ብዙዎቹ የተመቱት ከጀርባቸው ነው፤ እየሸሹ ነበር ማለት ነው። የደነገጠ ሰው እጅ ውስጥ ጠመንጃ ከገባ፣ አስቀድሞም ከፊቱ የቆመው ሰው እንደ እርሱ ሰው አይደለም ተብሎ ከተነገረው፣ ትእዛዝ ትርፍ ነገር ነው።

የአማርኛችን ጉዳይ

ጋዜጠኝነት የተማርን ስለሆነ ይህን ሳንል ማለፍ አንችልም። በትምህርት ቤት የዜና መሠረቱ “ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን” ነው ተብለን ነበር። ከሰልፍ በኋላ የሚነበቡትን መግለጫዎች ስናገላብጥ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ጠፍቷል። “እርምጃ ተወሰደ” ይላል፤ ማን ወሰደ? “የሰው ሕይወት አለፈ” ይላል፤ ሕይወቱ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ያለፈ ይመስል። “ንብረት አወደሙ” ሲሆን ግን አድራጊው ወዲያው ይገኛል፤ “ሁከት ፈጣሪዎች” ይባላል። ድንጋይ የወረወረው ባለቤት አለው፣ ጥይቱ ግን የሙት ልጅ ነው። ሰዋስው ውስጥ ተገብሮ ግስ የተፈጠረው ለዚህ አይመስለንም ነበር።

ከቃላቱ ሁሉ ግን ብዙ የተጋደሉበት “ተመጣጣኝ” የሚለው ነው። ይህን ለማየት ወደ 1998 ዓ.ም. እንሂድ።

ስምንት ለሁለት

ቅንጅት ፓርላማ አልገባም ካለ በኋላ፣ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የመኪና ጡሩምባ የማሰማት፣ ከሥራ የመቅረትና የመሳሰለውን የሰላማዊ ተቃውሞ ጥሪ አደረገ። ጡሩምባው መሰማት በጀመረ ማግስት፣ ጥቅምት 22፣ የፓርቲው መሪዎች መታሰር ጀመሩ፤ ከተማይቱም ታመሰች። ለቀናት የቆየው ተኩስ ከሰኔው የባሰ ነበር። በየሰፈሩ ወጣት እየታፈሰ በጭነት መኪና ተወሰደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው፣ በእኛ አስተያየት፣ ከተኩሱ ባልተናነሰ ሊታወቅ የሚገባው ነው። የተወካዮች ምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ነበሩ። የተሰጣቸው ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ የጸጥታ ኃይሎች የተጠቀሙት ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ወይ? የሰብዓዊ መብት አያያዙ ሕገ መንግሥቱን የተከተለ ነበር ወይ? በሰውና በንብረት ላይ የደረሰው ጉዳትስ ምን ያህል ነው?

ሠሩ። ሆስፒታልና ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፣ ቤተሰብ አነጋገሩ፣ ባለሥልጣን ጠየቁ። የደረሱበት ቁጥር፦ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞተዋል፤ 763 ሰዎች ቆስለዋል። በ1998 ክረምት መግቢያ ድምፅ ሰጡ። ስምንቱ ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነው አሉ፣ ሁለቱ አይደለም አሉ።

ይህን ስናነብ ትንሽ ቆም አልን። እነዚህ ሰዎች በመንግሥት የተመረጡ ናቸው። ተቃዋሚ አይደሉም፣ ጋዜጠኛም አይደሉም። አብዛኛው ሰው የእነርሱን ሪፖርት ገና ሳይጻፍ የሚያውቀው ይመስለው ነበር። ስምንቱ ግን እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢውና ምክትላቸው ውጤቱን እንዲለውጡ ግፊት ደረሰብን ብለው አገር ጥለው ወጡ፤ ፍሬሕይወት በኅዳር 1999 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሄደው ያገኙትን ለአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ተናገሩ። አዲስ አበባ ደግሞ በአዲስ ሰብሳቢ የቀረበው ሪፖርት ለምክር ቤቱ ተነበበ። 193 ያው ነው። 6 ያው ነው። 763 ያው ነው። የተለወጠው አንድ ቅጽል ብቻ ነው፤ “ከመጠን ያለፈ” የነበረው “ተመጣጣኝ” ሆነ። ምክር ቤቱም ተቀበለው።

መንግሥት ቁጥሩን አልካደም። ብዙዎቻችን “ደበቁት” ብለን ነው የምናስበው፤ አልደበቁትም፤ አንብበውታል። የተደበቀው ፍርዱ ነው። “ተመጣጣኝ” ከተባለ ማንም አይከሰስም፣ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም፣ የሚቀጥለው ጊዜ ጠመንጃ የሚይዘው ልጅም ከኋላው ምን እንዳለ ያውቃል።

በኋላስ?

ግንቦት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. ሰማያዊ ፓርቲ አዲስ አበባ ላይ ሺዎችን ይዞ ወጣ። ከ98 ወዲህ በከተማይቱ እንዲህ ያለ የተቃዋሚ ሰልፍ አልታየም ነበር። መፈክሩ ቀላል አልነበረም፤ የታሰሩ ይፈቱ ይላል፣ የኑሮ ውድነት ይላል። ፖሊስ ቆሞ አየ፣ ሰዉም ገባ። እንግዲህ ይቻላል ማለት ነው፤ ያው ፖሊስ፣ ያው ሕግ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሚያዝያ 14 ቀን 2007 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ ሰው ጠራ፤ ሊቢያ ውስጥ አይኤስ ለገደላቸው ኢትዮጵያውያን ኀዘን መስቀል አደባባይ። ሕዝቡ ኀዘኑን ወደ መንግሥት ማዞር ሲጀምር ጭስና ዱላ መጣ። “ፈቃድ” የሚባለው ነገር ሰውን እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ከለውጡም በኋላ፣ መስከረም 7 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የቡራዩውን ግድያ ሊቃወም አዲስ አበባ ከወጣው ሕዝብ አምስት ሰዎች በጥይት ሞቱ። የተሰጠው ምክንያት መሣሪያ ሊነጥቁ ነበር የሚል ነው። ትናንት “ለውጥ መጣ” ብሎ አደባባይ የጨፈረ ትውልድ ነበር የሰማው።

በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ገጽ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፖሊሶች አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር ሲደበድቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ሺዎች ቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ ተሰለፉ። ውኃ፣ የድምፅ ቦንብ፣ ፈረሰኛ መጣባቸው፤ ብዙ ሰው ተጎዳ፣ በሰልፉ ግን አልሞቱም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2019 ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረ ፖሊስ አንድ ወጣት ቤተ እስራኤላዊ ሐይፋ አጠገብ ተኩሶ ገደለ። ሰልፍ ላይ የማይገድል መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ፣ ሰልፍ በሌለበት መናፈሻ ተኩሶ አንድ ጥቁር ልጅ ገደለ።

አንድ የመጨረሻ ታሪክ። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1972 ሰሜን አየርላንድ፣ ዴሪ ከተማ፣ የብሪታንያ ወታደሮች የሲቪል መብት ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፤ አሥራ አራተኛው በኋላ ሞተ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የመጀመሪያው አጣሪ ወታደሮቹን በአመዛኙ ነጻ አወጣ። ቤተሰቦቹ አልተቀበሉትም። በየዓመቱ ተሰለፉ፣ ጻፉ፣ ተሟገቱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለተኛ አጣሪ ተቋቋመ፤ 12 ዓመት ፈጀ፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2010 ግድያው ምንም ማመካኛ የሌለው መሆኑን አስታወቀ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በፓርላማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ከተኩሱ እስከ ይቅርታው 38 ዓመት ነው። ከ98 ጥቅምት ወዲህ የእኛው ገና 20 ዓመት ነው ያለፈው። ዴሪዎች መጀመሪያ ከነበራቸው አንድ ነገር ደግሞ እንበልጣለን፤ የእኛ የመጀመሪያ አጣሪ ውጤት ስምንት ለሁለት ነበር።